ቅጥቅጥ ላይ ቤዝ ማስጮኽ፦ ሳጥኑን ከማሠራትህ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የምትሠራ ቅጥቅጥ አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ ለሰርግ ኮንትራት ትወጣለች። የጓደኛዬ ቪትዝ አንድ ባለ 12 ኢንች ሰብውፈር ብቻ ይዛ መስታወቷ ይንቀጠቀጣል። የኔዋ ትልቅ ስለሆነች አራት ባለ 15 ኢንች ልገጥም፣ ሳጥኑንም ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ትልቅ አድርጌ ላሠራ አስቤያለሁ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይበልጥ ይጮኻል ብለውኛል። ቀዳዳው ምን ያህል ይስፋ? 2000 ዋት የሚል አምፕሊፋየር አግኝቻለሁ። ኤሌክትሪሻኑ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ 12 ቮልት ወስጄ አገናኝልሃለሁ ብሏል። ሰርግ ቤት ስንደርስ ደግሞ በሩን ከፍተን ውጭ ለሚጨፍረው እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ሌላው፣ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ቤዙ የሚለወጥ ይመስለኛል። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት ነው ጋሼ?»

ከአራቱ ባለ 15 ኢንች ልጀምር። ተዋቸው። ገንዘብህን ይበላሉ፣ ባትሪህን ይጨርሳሉ፣ አንተ የምትፈልገውን ድምፅ ግን አይሰጡህም። ምክንያቱን ለመረዳት የጓደኛህ ቪትዝ ለምን እንደዚያ እንደምትንቀጠቀጥ ማወቅ አለብህ።

ቪትዟን የሚያናውጣት ሰብውፈሩ ብቻ አይደለም። መኪናዋ ራሷ ታግዘዋለች። የቤዝ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው። የመኪናው ውስጥ ከሞገዱ ግማሽ ሲያጥር ድምፁ መመላለሱን ይተውና መላውን አየር በአንድ ጊዜ መጭመቅ ይጀምራል። ውስጧ 2 ሜትር ተኩል ገደማ በሆነ ትንሽ መኪና ይህ የሚጀምረው ከ70 ኸርዝ (በሰከንድ 70 ንዝረት) አካባቢ ወደ ታች ነው። ከዚያ በታች ኸርዙ ወደ ግማሽ በወረደ ቁጥር እስከ 12 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) በነጻ ይጨመራል። በተግባር መስኮትና ላሜራ ስለሚያሾልኩ ያን ያህል አይሞላም፤ ቢሆንም ትልቅ ስጦታ ነው።

ያንተ ቅጥቅጥ ውስጧ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ርዝመት ያ ስጦታ የሚጀምረው ከ29 ኸርዝ በታች ነው። እዚያ ታች ደግሞ የምትከፍተው ዘፈን ብዙም ነገር የለውም። የተለመደው ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር የመጨረሻ ወፍራም ክሩ 41 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከቪትዝ ላይ ሳጥን ገልብጦ በአራት ማባዛት አይሠራም። እዚያ መኪናው ያግዛል፤ እዚህ ሥራው ሁሉ የሳጥኑ ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ለአንተ ትክክል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ይህን የነገሩህ ሰዎች አልተሳሳቱም። ስለ ቀዳዳው የሚያስቡት ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው።

ብዙ ሰው ቀዳዳው አየር ማስወጫ ይመስለዋል። ሳጥኑ እንዳይታፈን የተከፈተ መስኮት ነገር። አይደለም። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ብለህ ታውቃለህ፤ «ቡ» ይላል። ውኃ ጨምረህበት እፍ ስትል ድምፁ ይቀጥናል። ሳጥኑም ያው ጠርሙስ ነው። በፖርቱ፣ ማለትም በቀዳዳው ቱቦ፣ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር እንደ ምንጭ ሽቦ ይሆናሉ፤ ሁለቱ አብረው በአንድ ድምፅ ላይ ይወዛወዛሉ። ያንን ድምፅ የሳጥኑ ቅኝት ልንለው እንችላለን። ክራር እንደሚቃኝ ማለት ነው። ቅኝቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሳጥኑ ስፋት በሊትር፣ የፖርቱ አፍ ስፋት እና የፖርቱ ርዝመት። አንዱን ስትነካ ቅኝቱ ይሄዳል። ሳጥኑ ሲተልቅ ወይም ፖርቱ ሲረዝም ይወርዳል። የፖርቱ አፍ ሲሰፋ ይወጣል።

«ትልቅ ሳጥን ይበልጥ ይጮኻል» የሚለው እምነት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ፖርቱን ሳትነካ ሳጥኑን ብቻ ስታሰፋ ቅኝቱ ይወርድና ከሙዚቃው በታች ይቀራል። ሸራው፣ ማለትም የስፒከሩ ወዛወዥ ገጽ፣ ደግሞ ከጀርባው የሚይዘው አየር ይሳሳበታል። በትንሽ ዋት ብዙ ይወዛወዝና ከሸራው ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅልል ከታች ይመታል። ቀጥሎ የምትሰማው «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜ ስፒከሩ አለቀ ማለት ነው። ያለ ልኬት ቁም ሣጥን የሚያህል ሳጥን ተሠርቶላቸው ድምፁ ከጋቢናው ስፒከር ያልተሻለ መኪናዎች መጥተውልኛል።

የኔ ምክር ይኸውልህ። ሁለት ባለ 12 ኢንች ግዛ። የሳጥኑ የተጣራ የውስጥ አየር 110 ሊትር፣ ቅኝቱ 37 ኸርዝ ይሁን። 37 ያልኩት በምክንያት ነው። ከ41 ትንሽ ዝቅ ስላለ የቤዝ ጊታሩን ወፍራም ክር ሙሉ ለሙሉ ይይዛል። የከበሮውም ምት ከሱ በላይ ስለሆነ በንጽሕና ይወጣል። ለጩኸት ውድድር የሚሠሩ ሰዎች ቅኝቱን ከ40 በላይ ይሰቅላሉ። እሱ ለአንድ ድምፅ ውድድር ጥሩ ነው። የመንዝን ዘፈን ስትከፍትበት ግን ከበሮው ሁሉ አንድ ዓይነት «ዱም» ይሆናል፤ ፈጣኑ ምት እርስ በርሱ ይጋጫል። አስጨፋሪ መኪና ምቱ ከጠፋበት ምን ዋጋ አለው?

አሁን ልኬቱ። ውስጡ ወርዱ 85፣ ጥልቀቱ 45፣ ከፍታው 36 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ 138 ሊትር ገደማ ይሆናል። 110 አልነበረም እንዴ እንዳትል። ፖርቱና ግድግዳው 19 ሊትር ገደማ ይወስዳሉ። ሁለቱ ስፒከሮች ጀርባቸው 6፣ የማጠናከሪያው እንጨት ደግሞ 3 ገደማ ይይዛል። አናጺዎች ይህን ሳይቀንሱ ይቆርጡና የሳጥኑ ቅኝት ቀጥኖ ይወጣል። ፖርቱ በአንድ ጎን ከታች እስከ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ይሁን፤ ወርዱ 9፣ ከፍታው 36፣ ርዝመቱ 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ርዝመቱ ከሳጥኑ ጥልቀት ስለሚበልጥ ጀርባ ላይ ይታጠፋል። ርዝመቱን የምትለካው በፖርቱ መሃል በሚያልፈው መስመር ነው፤ የፊቱ እንጨት ውፍረትም ይቆጠራል። በሚታጠፍበት ቦታም ሆነ ውስጥ በሚያልቅበት ጫፍ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። አለዚያ ፖርቱን ራስህ አነቅከው ማለት ነው።

የአፉን ስፋት ለመቆጠብ አትሞክር። ለአንድ ሊትር 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ አየሩ ሲሮጥ «ፍፍፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጉዳዩ የሚያስጠላ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ፖርቱ በዚያ ሰዓት ሥራውን አቁሟል፣ ዋት ስትጨምርም የሚጨመረው ፉጨቱ ነው። የአፉን ጠርዞች በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አክብብ። በጣም ርካሽ፣ በጣም የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ግን ማንም አይሠራውም።

እንጨቱ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን። ኤምዲኤፍ ለድምፅ ጥሩ ነው፤ ውኃን ግን አይችልም። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ላይ በቺፑድ ሳጥን አሠርቼ በሁለት ወር እንደ ዳቦ ተነፍቶብኛል። ለቅጥቅጥ፣ ያውም ተሳፋሪ በጭቃ ጫማ ለሚገባባት፣ ጥሩ ኮምፔንሳቶ ይሻላል። ስፒከሩ የሚታሰርበት የፊት ገጽ ድርብ ይሁን። መጋጠሚያው ሁሉ ኮላና ቪቴ ይግባበት፣ ከውስጥ የመጋጠሚያው ክፍተት በሲሊኮን ይደፈን። አየር የሚያሾልክ ሳጥን የተበሳ ከበሮ ነው። በነገራችን ላይ ውስጡን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ልሸፍነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በዝግ ሳጥን ይሁን ልበል፤ በዚህኛው ግን የተወዛወዘ ጨርቅ ፖርቱ አፍ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ተወው።

ክዳኑን ከመለጠፍህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ክዳኑን በስስ ጎማ ላይ በቪቴ ብቻ አጥብቀህ እሰረው። ስልክህ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያ አውርድ፤ ቀስ ብለህ ከ50 ኸርዝ ወደ 30 እየወረድክ በትንሽ ድምፅ አጫውት። ሸራው ከመወዛወዝ ሊቆም የሚደርስበት፣ ፖርቱ ደግሞ እጅህ ላይ ከምንጊዜውም በላይ የሚነፍስበት ቁጥር አለ። እሱ ነው እውነተኛው ቅኝትህ። 41 ላይ ከሆነ ፖርቱን አስረዝም። 33 ላይ ከሆነ ውስጡ የእንጨት ጉማጅ ለጥፈህ አየሩን ቀንስ። ሲሰላና ሲሠራ አንድ አይደለም፤ እኔም ሁልጊዜ እፈትሻለሁ።

ቀዳዳ ያለው ሳጥን አንድ ደካማ ጎን አለው። ከቅኝቱ በታች ያለ ድምፅ ሲመጣ ሸራውን የሚይዘው ነገር የለም። በነጻ ይዘላል። ስለዚህ የምትገዛው አምፕሊፋየር ሰብሶኒክ ፊልተር (ከተሰጠው ቁጥር በታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ) ያለው ይሁንና 30 ኸርዝ ላይ አድርገው። ከላይ ደግሞ 80 ኸርዝ ላይ ቁረጠው። ሰብሶኒክ የሌለው ከሆነ አትግዛው። ቤዝ ቡስት የሚለውን ቁልፍ ዜሮ ላይ አድርገህ እርሳው።

2000 ዋት የሚለው ጽሑፍ ለዓይን ነው። የምትጠይቀው አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር ነው፤ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን። ካርቶኑ ላይ 2000 የሚል ብዙ ዕቃ በእውነት የሚሰጠው የዚያን ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ፊውዙን እይ። 12 ቮልት ላይ 30 አምፔር ፊውዝ ያለው ዕቃ ከባትሪው የሚስበው እንኳ 400 ዋት አካባቢ ነው። 2000 ከየት ያመጣል? ደግሞ ዋት ማብዛት ያን ያህል አያስጮኽም። ዋቱን እጥፍ ስታደርግ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው፤ ያ ማለት አሥር እጥፍ ዋት። ለአንተ 600 ዋት አርኤምኤስ ይበቃል። ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው 300 እና ከዚያ በላይ በእውነት የሚችሉ ይሁኑ፤ ኦማቸውም (የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው) አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በታች እንዳይወርድ ስታገናኝ ተጠንቀቅ።

ኤሌክትሪሻንህ ያለህን ግን በፍጹም እንዳትቀበል። መኪናህ 24 ቮልት ነች፤ ሁለት ባትሪ ተከታትለው ታስረዋል። ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ስትስብ እሱ ይደክማል። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላቸው የደከመው አይጠግብም፣ ያልተነካው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላና ውኃው ይፈላል። በጥቂት ወር ሁለቱም ያልቃሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ናፍጣ መኪና ማስነሳት በደህና ባትሪም መከራ ነው፤ ታውቀዋለህ። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። ለ600 ዋት አምፕሊፋየር 60 አምፔር ያለማቋረጥ የሚሰጥ ያስፈልግሃል። ይህ በ24 ቮልቱ በኩል 30 አምፔር ገደማ ይስባል። ዲናሞህ ላይ የተጻፈውን አምፔር እይና መብራቱ፣ መጥረጊያው፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ይችል እንደሆነ አስላ። ካልቻለ ዋቱን ቀንስ፤ ወደ 400 ብትወርድ የምታጣው ከ2 ዴሲቤል በታች ነው።

ገመዱ ከአምፕሊፋየሩ እስከ ኮንቨርተሩ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ አጭር ይሁን። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ብዙ አለ። ጫፉን በቢላዋ ፋቅ፤ ነጭ ከሆነ መልስ። ፊውዙ ከባትሪው በግማሽ ሜትር ውስጥ ይግባ። ሰው ጭነህ የምትሄድበት መኪና ነው፤ ያለ ፊውዝ ወለል ስር የተጎተተ ገመድ እሳት ነው።

የት ይቀመጥ? ከመጨረሻው ወንበር ስር፣ ወደ አንዱ ጥግ ተጠግቶ። ውጪው ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ መጀመሪያ ለካ። ጥግ ሲሆን ወለሉና ግድግዳዎቹ ድምፁን ይሰበስባሉ። የኋላ በር ወይም የአደጋ መውጫ ላይ ግን በፍጹም አታስቀምጠው። ስፒከሩን ጨምሮ 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በወለሉ ብረት ላይ በብሎን አስረው፤ ጣርማበርን ስትወርድ ድንገት ፍሬን ብትይዝ ያልታሰረ 45 ኪሎ ተሳፋሪ እግር ላይ ነው የሚያርፈው። ፖርቱ ፊት ወንፊት ብረት ግጠምበት። አለዚያ ረዳትህ የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት ማዳበሪያ አፉ ላይ ይደግፈዋል፤ ከዚያ «ቤዙ ሞተ» ብለህ ትመጣለህ።

ከቦታው ጋር የሚያያዝ አንድ የማይቀር ነገር ልንገርህ። ረጅም መኪና ውስጥ ቤዝ በየወንበሩ እኩል አይሰማም። ከፊትና ከኋላ ጫፍ ያብጣል፤ በመሃል፣ እንደ ድምፁ ደግሞ ከጫፎቹ ሩብ ያህል ላይ፣ ይጠፋል። አንዱ ወንበር ላይ ደረት ይመታል፣ ሁለት ወንበር ወደፊት ሄደህ ስትቀመጥ የለም። ይህ የሳጥኑ ጥፋት አይደለም፤ የሞገዱ ባሕርይ ነው። ዋት ብትጨምር ጫፍ ላይ ያለውን ታሳብዳለህ እንጂ መሃል ላይ ያለው አይሞላም። አንተ ደግሞ ጫፍ ላይ፣ መሪው ጋ ነህ። በአንተ ጆሮ ብቻ አታስተካክለው።

አሁን ስለ ሸዋ ሮቢት። ጆሮህም አለበት፣ እውነትም አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ናቸው። ከጣርማበር ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፤ ምራቅ ውጠህ «ጠቅ» እስኪል ድረስ ድምፅ ሁሉ የራቀ ይመስላል። ያ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው። ሸራው የሚገፋው አየር ሲሳሳ ድምፁም ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ደብረ ብርሃን ላይ 3 ዴሲቤል ያህል ታጣለህ፤ ግማሽ ዋትህን እንደመቀማት ነው። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከዚያ ላይ 1 ዴሲቤል ገደማ ይመለስልሃል። ቅኝቱን ግን የአየሩ መሳሳት አይነካውም። እሱን የሚነካው ሙቀት ነው፤ በብርድና በቆላው ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት 1 ኸርዝ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ብለህ ሳጥን አትቀይር። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ስስ አየር አምፕሊፋየሩን በደንብ አያቀዘቅዝም። በምንጣፍ አትጠቅልለው፣ ዙሪያውን ክፍት ተው። ቆላ ስትደርስ ደግሞ ተሳፋሪው መስኮቱን ሁሉ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ያገኘኸው 1 ዴሲቤል በመስኮት ይወጣል።

የሰርጉን ነገር በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ውጭ ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይወድቃል። በበር የሚወጣው የታፈነ ጉርምርምታ ነው፤ የሚያንቀጠቅጠው የመኪናህን ላሜራ እንጂ የሙሽራውን አጃቢ አይደለም። ሞተር አጥፍተህ ሁለት ሰዓት ከጨፈሩበት ደግሞ መኪናዋ ገፍታችሁ ነው የምትነሳው። ለውጭ ጭፈራ በጄኔሬተር የሚሠራ የመድረክ ስፒከር ተከራይ። በመኪናው ሳጥን ለሁለቱም እሠራለሁ ማለት ለሁለቱም አለመሥራት ነው።

ገንዘብ ከተረፈህ ሦስተኛ ስፒከር አትግዛ። የጣሪያውንና የጎኑን ላሜራ ሬንጅ ባለው ለጣፊ ሸፍን፤ የላላውን ብሎን ሁሉ አጥብቅ። አካሏ እዚሁ አገር የተቀጠቀጠ መኪና ከቤዙ እኩል የራሱን ሙዚቃ ይጫወታል። ያን ዝም ስታሰኘው ያው 600 ዋት ሌላ ዕቃ ነው የሚመስልህ።

ስለ ጆሮም ላንሳ። 100 ዴሲቤል ላይ ለጆሮ ደኅና የሚባለው ጊዜ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አንተ ታውቃለህ። በመደበኛ ጉዞ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ የታመመ ሰው ትጭናለህ። ስለዚህ የሰብውፈሩን መቀነሻ መሪው አጠገብ፣ እጅህ በሚደርስበት ቦታ አስገጥም፤ አብዛኛው አምፕሊፋየር ለዚህ የሚሆን ገመድ አለው። ጣርማበር ላይ ከደብረ ሲና በኩል ጉም ሲነሳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አጥፋው። በዚያ ቁልቁለት ላይ መስማት ያለብህ ሞተርህን፣ ፍሬንህንና ከፊትህ የሚመጣውን ጥሩምባ ነው።